የሚሉድ የአንድ ወር ዕረፍት

ሳፊ፣ ሞሮኮ፣ እሑድ ኤፕሪል 14 ቀን 1996

ይድረስ ለወንድሜ ሚስት ለታሙ፣ ሩቤ፣ ፈረንሳይ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ባሕሩም እንደ ልማዱ ይጮኻል።

ወንድሜ ሚሉድ ሐሙስ ማታ በሰላም ገባ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ አላወቅሁትም ብልሽ አትቀየሚኝ። ፊቱ ሟሙቷል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ የታሰረ ይመስላል። አብሮኝ የነበረው ጎረቤት፣ «ፈረንሳይ ምግብ የለም እንዴ?» አለኝ። ሐኪሙ ለወገቡ ፀሐይ እንዳዘዘለትና አንድ ወር እንደሚበቃው የጻፍሽውንም አንብቤያለሁ። ስለ ወሩ እናያለን።

ዓርብ ኩስኩስ ሠራሁለት። ሰባት ዓይነት አትክልት፣ የበግ ትከሻ፣ ከላይ በዘቢብ የበሰለ ሽንኩርት። ሦስት ጊዜ ጨመረ። «ባቱል፣ የዚህን ጣዕም ረስቼው ነበር፤ ሩቤ ኩስኩሱ እንደ ሊጥ ይያያዛል» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ወንድሜን ታውቂዋለሽ።

ዛሬ ደግሞ ሲዲ ቡዚድ ገደሉ አናት ላይ ወጥተን የተጠበሰ ሳርዲን በላን። ካፌው ውስጥ ኳስ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ግን በረዶ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ኳሱን ከተጫዋቹ ለይቶ ማየት አይቻልም። ሚሉድ አንገቱን አስግጎ ሲያይ አሳዘነኝ። በሰኔ የአውሮፓ ዋንጫ ይጀመራል አሉ። ዲሽና ሪሲቨር ብትልኪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ሥራ ያለሽው አንቺ ነሽና ነው።

ዘንቢሉን የመረብ ጠጋኙ የሰዒድ ልጅ ነዝሃ ያዘችልን። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ቀልጣፋ ነው፣ አፏ ቁጥብ ነው።

ፊደልሽ ተሻሽሏል። የሴቶች ትምህርት ቤት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ያያል። በዚህ ዕድሜ የማታ ተማሪ መሆን ቀላል አይደለም፤ ግን ልጅ የሌለው ሰው ጊዜ አለው።

የባልሽ እህት ባቱል


ሩቤ፣ እሑድ ሜይ 5 ቀን 1996

ለተከበሩት ለእትዬ ባቱል፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ የቤትዎን ሰላም ያብዛው። ሚሉድ በሰላም መግባቱን ስሰማ ዕፎይ አልኩ። መንገድ ላይ ወገቡ እንዳይነሳበት ፈርቼ ነበር።

መክሳቱ እውነት ነው። የሽመና ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይበላም። ቴሌቪዥኑ ፊት ሳህኑን ይዞ ይተኛል። እኔም ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስመለስ ሳህኑን ከእጁ ቀስ ብዬ እወስዳለሁ። እርስዎ ጋ ሦስት ጊዜ ከጨመረ አልሃምዱሊላህ ነው። ኩስኩሴ እንደሚያያዝ ግን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ።

ዲሹንና ሪሲቨሩን ገዝቼ በዓላል አውቶቡስ ልኬያለሁ። ዓላል በየሁለት ሳምንቱ ሩቤና ሳፊ የሚመላለሰው ሾፌር ነው፤ እጁ ላይ ዕቃ አይጠፋም። የወገቡን ቅባትም ጨምሬያለሁ። ከመኝታ በፊት ነው፤ አሽቶ የሚቀባው ሰው ይፈልጋል፤ ራሱ አይደርስበትም።

ቅዳሜ ፋዲላ መጥታ ነበር። ከላይ ፎቅ ያለችው፣ ከአልጄሪያ ኦራን የመጣችው መበለት ናት። ዶሮ በሎሚና በወይራ ሠራሁ፤ ጨዋታ ተላለፈ፤ እሷ ዳኛውን ስትረግም አመሸች። ባሏ በሕይወት ሳለ ኳስ ትጠላ ነበር አሉ።

ወሩ ሊያልቅ ነው። የሚሳፈርበትን ቀን ብታስታውቁኝ አልጋውን አዘጋጃለሁ። የመኖሪያ ፈቃዱም ዘንድሮ ክረምት ይታደሳል፤ እዚህ መሆን አለበት። እባክዎ አንዲት መስመር ብቻ በራሱ እጅ እንዲጽፍልኝ ይንገሩት።

ታዛዥዎ ታሙ


ሳፊ፣ እሑድ ጁን 9 ቀን 1996

ይድረስ ለታሙ፤

አላህ ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልሱ የዘገየው ቤታችን እንግዳ ስለበዛበት ነው። ሪሲቨሩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦብናል። ሚሉድ ራሱ ሰገነት ላይ ወጥቶ ዲሹን ተከለ። ወገቡን ያመዋል ስትይኝ ነበር፤ መሰላሉን የወጣው ግን እንደ ጎረምሳ ነው። ነዝሃ ከታች ይዛለት ነበር።

ትላንት የእንግሊዞቹን ጨዋታ አየን። ሳሎኑ ጢም አለ። ሰዒድና ሚስቱም መጡ። ያቺ ሴት ሰባት ወንድ ወልዳለች፤ ነዝሃ ስምንተኛዋ ናት። እንዲህ ያለ ማሕፀን ያለው ቤተሰብ ማየት ልብ ያሞቃል። ነዝሃ ሻዩን በየመሃሉ ትቀዳለች፤ ለሚሉድ ስኳር አትጨምርለትም። ማን እንደነገራት አላውቅም። እሱ ደግሞ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ በብርጭቆና በማንኪያ ያስረዳታል። ስትሳሳት ይስቃል። አንቺ ሲስቅ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?

ባለፈው እሑድ በተከራየነው መኪና ወሊዲያ ሄድን። ሸርጣን በላን። ሚሉድ ቅርፊቱ አልሰበር ሲለው ነዝሃ ከእጁ ወስዳ በጥርሷ ሰበረችለት። ሁላችንም ሳቅን። ጥርስ ማለት የሷ ነው።

ቅባቱ ደርሷል። የሚቀባው ሰው አላጣም።

ስለ መመለሻው ጠይቀሻል። እሱ ያውቃል እንግዲህ፤ ትልቅ ሰው ነው፤ እኔ እጁን ይዤ አውቶቡስ ላይ አልጭነው። ጻፍ ብዬው ነበር፤ ጨዋታው ይለቅ አለኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፎቅ ያለው ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ሳጥን ተቆልፏል። የሰርግሽ አረንጓዴ ካፍታንና የወርቅ ቀበቶሽ እዚያ ውስጥ ናቸው አይደል? በነሐሴ ሰርግ አለብን። ለሙሽራዋ እንዋስሽ። እዚያ ለብሰሽው የትም አትሄጂበት፤ እዚህም ብል ሊበላው ነው። ቁልፉን በዓላል ላኪልኝ።

ባቱል


ሩቤ፣ እሑድ ጁን 30 ቀን 1996

ለተከበሩት ለእትዬ ባቱል፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። አላህ ሰርጋችሁን የተባረከ ያድርገው።

ዛሬ የዋንጫው ፍጻሜ ነው። ፋዲላ ቼኮቹን ነው የምትደግፈው፤ ማንም ስለማይደግፋቸው ነው አለች። እኔ ደግሞ ባቄላ በከሙን ሠርቻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማጠቢያው ማሽን ስለተበላሸ አንሶላውን በእጅ ስንጠመዝዝ ነበር፤ ክንዴ ዛሬ ማማሰያ እንኳ አላነሳልኝ ብሏል። ስለ ፊደሌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ማክሰኞ ቤታችሁ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ደውዬ ነበር። ባለሱቁ ሚሉድን እንዲያስጠራልኝ ብዬ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አንዲት ልጅ ስልኩን አነሳችና ማን ልበል አለችኝ። ሚስቱ ነኝ አልኳት። ሳቀች መሰለኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ቁልፉን ለዓላል ሰጥቼዋለሁ። ካፍታኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ይጠንቀቁለት። ቀበቶው በስተቀኝ ያለው መያዣ ላልቷል፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ቢያዝ አይወድቅም።

የማን ሰርግ እንደሆነ ግን አልጻፉልኝም። ማንን እንደምመርቅ ባውቅ ጥሩ ነበር።

ታሙ


ሳፊ፣ እሑድ ኦገስት 18 ቀን 1996

ይድረስ ለእህቴ ለታሙ፤

የአላህ ሰላም ላንቺ ይሁን። ቁልፉ ደርሷል፤ አላህ ይስጥሽ። ካፍታኑን በደንብ ነው ያቆየሽው።

የኦሎምፒኩ ሩጫ ሌሊት ቴሌቪዥን ፊት ነበርሽ? ሯጩ ልጃችን በሺህ አምስት መቶ ሜትሩ ሲወድቅ አየሽው? መላው ሞሮኮ አለቀሰ። ሰርጋችን የዋለው ያን ቅዳሜ ነበርና ምግቡን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ በለውዝ የተጠበሰ ዶሮ፣ ከዚያ በደረቀ ፕሪም የበሰለ በግ፣ ከዚያ ሚሉድ በአላህ ፈቃድና በሕጉ ነዝሃን ስላገባ ሰዒድ ከጀልባ ያስመጣው ትልቅ ዓሣ በሩዝ ተሞልቶ ቀረበ፣ መጨረሻ ላይ ፍራፍሬ። ሩጫው ሲደርስ እንግዳው ሙሽሮቹን ትቶ ሳሎን ገባ። ሚሉድም የሙሽራ ልብሱን እንደለበሰ ተነስቶ ሄደ። ልጁ የመጨረሻው ዙር መግቢያ ላይ ሲወድቅ ሚሉድ ጭንቅላቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ነዝሃ ጎኑ ተንበርክካ ፊቱን በእጅጌዋ ጠረገችለት። በካፍታንሽ እጅጌ። ትንሽ ምልክት ቀርቷል፤ ውኃ ያስለቅቀዋል።

ቀበቶው ሰፋት። ወገቧ ቀጭን ነው። ሁለት ቦታ ማጥበቅ ነበረብን።

እንግዲህ አንቺ የመጀመሪያዋ ሚስት ነሽ፤ ክብርሽ አይነካም። እሷም እንደ እህት ታይሻለች። አትቀየሚ፤ ሰው ዘር ይፈልጋል፤ ሃያ ዓመት ታገሰሽ። ፎቅ ያለውን ክፍል ለነሱ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የሳጥንሽን ዕቃ ሰብስቤ ሰገነት ላይ ያለው ማጀት ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አይዘንብበትም።

ስትልኪ ለነዝሃ ሽቶ ጨምሪ። ዓይን አፋር ስለሆነች እኔ ነኝ የምጠይቅላት።

ባቱል


ሩቤ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ለተከበሩት ለእትዬ ባቱል፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጋብቻቸውን ይባርክ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ታምሜ ነው እንዳልል አልታመምኩም። አንድ ቀን እንኳ ከሥራ አልቀረሁም። ስጽፍ ግን እጄ ከ«አሰላሙ አለይኩም» አላልፍ አለ።

የማን ሰርግ እንደሆነ ዓላል ነግሮኝ ነበር። ቁልፉን ልሰጠው አውቶቡሱ ጋ ስሄድ፣ ሻንጣ እየጫነ ነበር። እጄን አየና አልቀበልም አለ። «ታሙ፣ አትላኪው። ሰርጉ የባልሽ ነው፤ ሳፊ የማያውቅ የለም» አለኝ። ሰዎች ወረፋ ይዘው ነበር። ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ሳጥኑ የእናቴ ነው፤ ሰብራችሁ ትከፍቱታላችሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ሰኔ ላይ ስጠይቅዎ አንድ ቃል ይነግሩኝ እንደሆን ማየት ፈለግሁ። እስኪፈጸም አልነገሩኝም። ሲነግሩኝም ከበጉና ከዓሣው መሃል።

የሩጫውን ሌሊት ፋዲላ ጋ አይቻለሁ። ልጁ ሲወድቅ እኔም አለቀስኩ። እሷ ለልጁ መስሏት፣ «ተይ፣ ገና ወጣት ነው፣ ይነሳል» ትለኛለች።

ለነዝሃ ሽቶ አልላክሁም። ምክር ግን ልላክላት፤ ያንብቡላት። ሚሉድ ቡድኑ ሲሸነፍ ሳህን ይሰብራል፤ ርካሽ ሳህን ትግዛ። ሲያሸንፍ ደግሞ ያመሻል፤ በሩን ትቆልፍና ትተኛ። ወገቡ የሚያመው ሥራ ሲኖር ነው። ሲስቅ ሰምተሽው ታውቂያለሽ ወይ ብለውኝ ነበር። አዎ፣ መጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ይስቃል።

የመኖሪያ ፈቃዱ ማደሻ ወረቀት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ሰሞኑን ከፋዲላ ጋር እሑድ እሑድ የከተማው መናፈሻ እንሄዳለን። እሷ ዳክዬዎቹን ትሳደባለች። በሌላው ደህና ነኝ።

ታሙ


ሳፊ፣ እሑድ ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለታሙ፣ ለቤታችን ታላቅ፤

የአላህ ሰላም፣ እዝነትና በረከት አይለይሽ። ሌትና ቀን በዱዓ አስብሻለሁ። ያንቺን መልክ የያዘውን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥቼ ሳሎን ሰቅያለሁ።

ኩስኩስ መሥራት ትቻለሁ፤ ዓርብ ምስር ነው የምንበላው። ዲሹ በነፋስ ወድቆ ተሰበረ፤ ሚሉድም ሊተክለው መሰላል መውጣት አልቻለም። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ወገቡ ጠንቶበታል፤ ሌሊት ያቃስታል። ለጨዋታ ካፌ ሄዶ ቆሞ ያያል፤ መቀመጥ አይችልም። የሳፊ ሐኪም ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እግሩ ላይታዘዝለት ይችላል አለን። እዚያ የሠራበት አገር ግን በነፃ ያክመዋል።

ነዝሃ አርግዛለች። በሚያዝያ ትወልዳለች። ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ ልብሽ ሰፊ ነው። ግን ትውከት ጀምሯታል፤ ዓሣ ሲሸታት ትሸሻለች፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ዓሣ የማይሸትበት የት አለ? ሰዒድ ልጄን ለፈረንሳይ ሰው ዳርኩ ብሎ ነበር፤ አሁን መንገድ ላይ ሲያየን ሰላም አይለንም።

ታሙ፣ ፈረንሳዮቹ ሁለት ሚስት ያለውን ሰው ፈቃዱን አያድሱለትም አሉ። ቤት ድረስ መጥተው ይጠይቃሉ አሉ። ሲመጡ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ነው በያቸው። እናታችን መሞቷን እነሱ ምን ያውቃሉ። ልብሱን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ጫማውን በር ላይ አድርጊው። ያንቺ አንድ ቃል ነው የቀረው።

ይህን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድሽም። ወንድሜ ያለ ልጅ እንዳይሞት ብዬ ነው። እኔም እንዳንቺው መካን ነበርኩ፤ ባሌ ያባረረኝ በዚሁ ነው፤ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከማንም በላይ አንቺ ትረጂኛለሽ ብዬ ነበር።

ከሥር ያለው የሚሉድ እጅ ነው። ራሱ ጻፈው።

ባቱል

*ታሙ። አፈርኩ። ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ። ሚሉድ።*


ሩቤ፣ እሑድ ጃንዋሪ 19 ቀን 1997

ለተከበሩት ለእትዬ ባቱል፤

እንኳን ለረመዳን አደረሰዎ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፤ የነዝሃንም ማሕፀን በሰላም ይፍታ። ልጁ ምንም አላጠፋም።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሥር ያለውን መስመር ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ፋዲላ አይታው፣ «መጻፍ ይችል ነበር ማለት ነው» አለች።

ያሉኝን አደረግሁ። ልብሱን ተኩሼ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ። ጫማውን ወልውዬ በር ላይ አደረግሁ። እንዲህ ሳደርግ ልቤ ላይ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስገባ ጫማውን እያየሁ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

ትላንት ቅዳሜ ለማፍጠሪያ የሐሪራ ሾርባ ጥጄ፣ ሳርዲን እያጸዳሁ ነበር። ፋዲላ ቴሌቪዥኑን ከፍታለች፤ የዋንጫ ጨዋታ ነው፤ አንድ ትንሽ የገጠር ቡድን ትልቁን እየመራ ነበር፤ እሷ በደስታ ልታብድ ነው። በሩ ተንኳኳ። ቅዳሜ ይሠራሉ ብዬ አላሰብኩም። ወጣት ፖሊስ ነው፤ ጨዋ ልጅ፤ እግሩን ምንጣፉ ላይ ጠርጎ ገባ። ጫማውን አየ። ልብሱን አሳየሁት። ወረቀቱ ላይ ጻፈና፣ «እመቤት፣ ባልሽ ከአንቺ ጋር ነው የሚኖረው?» አለኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ፋዲላ ይዛው በመጣችው ሬዲዮ ሙአዚኑ አዛን አለ። ረመዳን ነው፣ እትዬ፤ በጾም አፍ ዋሺ ብለውኝ ነበር እኮ፤ እርስዎም ሲጽፉ አላሰቡትም። እኔም አላሰብኩትም።

«ብቻዬን ነው የምኖረው» አልኩት። «ባሌ አገሩ ገብቶ ሌላ ሚስት አግብቷል፤ በሚያዝያ ትወልድለታለች።» ስሟን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ነዝሃ የሚለውን ፊደል በፊደል ነው የቆጠርኩለት፤ በማታ ትምህርቱ ጎበዝ ሆኛለሁ። አድራሻችሁንም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ፈቃዱ እንደማይታደስ፣ መግባትም እንደማይችል ነገረኝ። እንድታስቢበት ጊዜ ልስጥሽ ወይ አለኝ፤ አያስፈልግም አልኩት። በተምር ላፈጥር ስል ለሱም አንድ ሰጠሁት፤ አመስግኖ በላ።

ወገቡ እንደሚጠናበት አውቃለሁ። ሌሊት ሲያቃስት ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚያቃስተው። የወር ገንዘብ እንድልክላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ አልልክም። ፎቶዬን ከሳሎኑ ያውርዱት።

ፖሊሱ ሲወጣ ታች በሩ ላይ ባለው ደወል የሁለታችንም ስም እንዳለ ማየቱን ነገረኝ። ሰው ልኮ ያስነሣው እንደሆነ ጠየቀኝ። የሱን ስም ራሴ አነሣዋለሁ አልኩት። ዓሣ የማጸዳበትን ቢላ ይዤ ወረድኩ። ሚሉድ ራሱ ነበር የለጠፈው፤ ከሽመና ፋብሪካው ባመጣው ማጣበቂያ። በጣም ነው የያዘው። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ፈጀብኝ። ስለዚህ ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ልነግርዎ አልችልም።

ታሙ